ግማሽ እንጉዳይ

በመንደራችን ጭስ የሚወጣው ከሁለት ቤት ብቻ ነው። አንዱ የእኔ የፕራናስ ነው፣ ሌላው የጎረቤቴ የኡርሹሌ። ከቀሩት ሰዎች ግማሾቹ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተኝተዋል፣ ግማሾቹ ቪልኒየስ ገብተው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ከሁለቱ የተኙት ይሻሉኛል፤ ሳወራ አያቋርጡኝም።

ኡርሹሌ ግን ታቋርጠኛለች። እኔም የእንጉዳይ ወራት በመጣ ቁጥር ቅርጫቴን ይዤ እሷ ጋ የምሄደው ለዚሁ ነው። በእኛ ዘንድ ብቻውን የሚኖር ሰው የለቀመውን እንጉዳይ ሌላ ዐይን ሳያይለት አይበላም። የከተማ ሰዎች ድስቱ ውስጥ የብር ማንኪያ ይከታሉ፤ ካልጠቆረ ይበላሉ። ማንኪያ መቼ ተናግሮ ያውቃል! አንዱን የቪልኒየስ ሰው፣ "መርዛም እንጉዳይ በስሙ ሲጠሩት ጀርባውን ይሰጣል" ብዬው ጫካ ውስጥ ተንበርክኮ ሲጣራ ዋለ። እኔም ከዛፍ ኋላ ሆኜ "አቤት" እለው ነበር።

እንጉዳይ ለይቶ የሚሰጠኝ ሰው እንኳ አያስፈልገኝም። ችግሩ፣ ንጹሕ ቅርጫት ይዤ ከሄድኩ ኡርሹሌ ቶሎ ጨርሳ "በል ደህና ዋል" ትለኛለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ኡሜዴ የምንለውን የሚበላ እንጉዳይ የሚመስል አንድ አረንጓዴ ዝንብ-ገዳይ ከነሥሩ ነቅዬ ከታች እወሽቃለሁ። ስሙ ዝንብ-ገዳይ ይባል እንጂ ለሰውም አይመለስም። ስታገኘው ትነሣብኛለች።

"አንተ የሰይጣን ቁራጭ! ይኼ ምንድነው?"

"ኡሜዴ አይደል እንዴ? አረንጓዴ ነው።"

"ኡሜዴ አንገቱ ላይ ቀለበት ያስራል? እግሩን ከረጢት ውስጥ ይከታል? ኡሜዴ እንደ ጠመኔ ቀጭ ብሎ ነው የሚሰበረው፤ ይኼ እንደ ሥጋ ይተለተላል! ዕድሜህን ሙሉ ጫካ ውስጥ ምን ስትሠራ ኖርክ?"

ስድቡ እስኪያልቅ ይመሻል። ሾርባም አለው።

ባለፈው የእንጉዳይ ወራት እንደ ልማዷ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። አንድ በአንድ አነሣች፣ ገለበጠች። የእኔ ዝንብ-ገዳይ ተራው ደረሰና እጇ ሳያመነታ ከደህናዎቹ ጋር አኖረችው።

"ንጹሕ ነው። ዛሬስ ሰው ሆነሃል" አለችኝ።

አመስግናኝ አታውቅም። ፊቷን ስታዞር መርዙን እጅጌዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ዐይኗ ደክሟል። የኡርሹሌን ቅርጫት ደግሞ ልማዱ ቢያዝም ማንም አያይላትም፤ ጠይቃም አታውቅ። አረንጓዴ ኡሜዴ በቅቤ ጠብሳ ከድንች ጋር ካልበላች ቀኑ የዋለ አይመስላትም። ልንገራት ብል፣ ቪልኒየስ ያለችው ልጇ በየእሑዱ "ዐይንሽ ከደከመ ነይ ከእኛ ጋር ኑሪ" ትላታለች። ትሄዳለች። ያኔ ጭሱ አንድ ይቀራል። ዝም ብል ደግሞ ትሞታለች። ያኔም አንድ ይቀራል።

በማግሥቱ ጠዋት በሯ ላይ ጠበቅኋት። ቅርጫቷን በቅጠል ሸፍና መጣች።

"እስቲ አሳይኝ።"

"ምን ቆርጦህ! የሰው ቅርጫት ይታያል? የምለቅምበትን ቦታ ልታውቅብኝ ነው?"

እግሬ የተጠላለፈብኝ መስዬ ቅርጫቷ ላይ ወደቅሁ። ለመነሣት ስል ረገጥኩት፤ ደግሜም ረገጥኩት። እሷ እንደ ሁላችንም ኡሜዴ የምትቆርጠው በቢላዋ ከቆቡ ሥር ነው፤ ቀለበቱም ከረጢቱም መሬት ይቀራል። ጫማዬ ግን ለየው። ሌሎቹ እንደ ጠመኔ ፈረሱ፤ ሁለቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተለጠፉ።

"አርጅተህም አይለቅህ!" በዱላዋ ጀርባዬን አገኘችው። "ከእንግዲህ ይኼን በር እንዳትረግጥ!"

ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ አፌ አልተሳሰረም። ያን ቀን እውነት ይዤ አፌ ተሳሰረ።

ከዚያ ወዲህ ከጉድጓዱ ውኃ ጋር ማውራት ጀመርኩ። መልስ ይሰጣል፤ ግን ያልኩትን መልሶ ነው። አንድ ጠዋት ኡሜዴ ከነአፈሩ፣ ከነሥሩ እየነቀልኩ ቅርጫት ሞላሁና በሯ ላይ አስቀመጥኩላት። ከቀትር በኋላ አጥሬን ተሻግሮ ግቢዬ ውስጥ ተበትኖ አገኘሁት። እውነቷን ነው። ከቀጣፊ ቅርጫት ማን ይበላል?

እንደገና ለቀምኩ። ወንበሬን፣ መጥበሻዬንና ቅቤዬን ይዤ አጥሯ ሥር እሳት አነደድኩ። እያንዳንዱን እንጉዳይ ከቆብ እስከ ሥሩ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ግማሹን አጥሯ ላይ ደረደርኩ፣ ግማሹን ጠብሼ በላሁ።

"እይ፣ ኡርሹሌ! እየበላሁ ነው!"

መጋረጃው ተነቃነቀ። መስኮቱ ግን አልተከፈተም።

የዝንብ-ገዳይ መርዝ ተንኮለኛ ነው፤ ግማሽ ቀንም፣ ሙሉ ቀንም ሆድ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ይኼን እዚህ ያደገ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ አልተነሣሁም። ፀሐይዋ ገባች፣ ዘነበ፣ አባራ፣ መልሶ ዘነበ። በማግሥቱ መስኮቱ ተከፈተ።

"ሞትክ?"

"ገና ነኝ።"

"ሆድህስ?"

"ራበው።"

ቀጥላም፣ "አንዳንዱን ሰው ሁለት ቀን ያቆየዋል ይላሉ" አለች።

"እኔም ሰምቻለሁ።"

"እንግዲያው ወዴትም እንዳትሄድ። ግን ዝናብ ላይ አትቀመጥ፤ ከሞትክም ውስጥ ሆነህ ልይህ።"

ወጥታ ከአጥሩ ላይ ግማሾቹን በሽርጧ ለቀመች። ሁለቱን አልፋ ባዶውን እንጨት ጨበጠች። አየኋት። ያላየቻቸውን ሁለቱን አንሥቼ ተከትያት ገባሁ።