ዓመት አይሞላትም

ባንቺዓለም ድመቷን ሹሜን በአገልግል ይዛ ከብልባላ ላሊበላ ስትወርድ፣ መንገድ ላይ ያገኟት ሁሉ ዝክር የምትሄድ መስሏቸው ነበር። ከክዳኑ ሥር "ሚያው" ሲሰሙ ግን ሳቁባት። ይሳቁ! ጧፍ ጠምዝዛ የምታድር ሴት ሰሟን ከአይጥ የሚጠብቅላት ማን እንደሆነ እነሱ ምን ያውቃሉ?

ሹሜ ጡቷ ሥር እብጠት ካወጣች ሁለት ወር አልፏታል። ባንቺዓለም ግልገሎቿን ለጎረቤት ስላደለችባት ወተቱ ቋጥሮ ነው ብላ ቅቤ ስታሽላት ከረመች። የእንስሳት ሐኪሙ ደሳለ ግን እብጠቱን ዳብሶ በማስመሪያ ለካና ፊቱ ጨለመ።

"ነቀርሳ ነው፣ እትዬ። ሁለት ሴንቲ ሳይሞላ ቢያመጧት ኖሮ ተቆርጦላት ዓመታት ልትኖር ትችል ነበር። ይሄ ከሦስት አልፏል። እዚህ የደረሰባቸው ብዙዎቹ ቢቆረጥላቸውም ዓመት አይሞላቸውም። ባያንገላቷት ይሻላል።"

ባንቺዓለም ደሟ ፈላ። ታናሽ እኅቷ ይማርሽ በዚሁ በሽታ፣ በጡቷ በታመመች ጊዜ፣ ሐኪሞች "ዓመት አይሞላትም" ሲሏት እሺ ብላ፣ አንገቷን ደፍታ ወደ ቤት መልሳታለች። ሌላ ሐኪም ሳትጠይቅ፣ ከማንም ሳትከራከር ቀን ስትቆጥር ቆይታ በአራተኛው ወር ቀበረቻት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ሞቱ ብቻ አይደለም፤ ያቺ "እሺ" ናት።

"ብዙዎቹ ማለት ሁሉም ማለት ነው?" አለችው።

"አይደለም።"

"እንግዲያ የእኔዋ ከብዙዎቹ መሆኗን በምን አወቅህ?"

ደሳለ ማስመሪያውን አስቀመጠ። "ከብት እንጂ ድመት ቀድጄ አላውቅም" አለ።

"እሷም ተቀድዳ አታውቅም። ጀምር!"

አደንዝዞ አስተኛትና የአንድ ጎኗን ጡቶች በሙሉ ቆርጦ አወጣ። ሹሜ በአራተኛው ቀን ቁስሏ ላይ የታሰረውን ጨርቅ በጥርሷ ቦጫጭቃ ጣለች። በወሩ አይጥ አንጠልጥላ መጣች። ክረምት ገባ፣ ወጣ፤ ፋሲካ አለፈ። ዓመት የሞላት ቀን ባንቺዓለም ጉበት ገዝታ ከሹሜ ጋር ተካፍላ በላች፤ መንደሩም እንደ ልማዱ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ሹሜ ትንፋሽ እያጠራት መጣ። በአሥራ አራተኛው ወር አንድ ጠዋት ሰሙ አጠገብ ሞታ ተገኘች። ባንቺዓለም አምርራ አለቀሰች፤ ለድመት አይለቀስም ያሏትን ከደጇ አባረረች። በማግስቱ ደሳለ ዘንድ ወረደች።

"አዝናለሁ፣ እትዬ።"

"ማዘኑን ተወውና ጻፍ። አሥራ አራት ወር።"

"መዝገቡ እኮ የከብት፣ የበግና የፍየል ነው። ለድመት ቦታ የለውም።"

"አብጅላት!"

ደሳለ እስክሪብቶውን አንሥቶ ከፍየሎቹ ግርጌ ጻፈ። ባንቺዓለም ማንበብ ባትችልም ቀለሙ እስኪደርቅ ቆማ አየችው።

"ከእንግዲህ ሰው ድመቱን ይዞ ሲመጣ" አለችው፣ "'ብዙዎቹ' ካልክ በኋላ አፍህን አትዝጋ። የእኔዋንም ንገረው።"