ባለ አንድ ፊቱ ማይክ

ማሃድ የዚያን ሐሙስ ጠዋት ከቤት የወጣው ማይክ ሊገዛ አይደለም። ፈርሂያ ደህና ማይክ እንዳትገዛ ሊጠብቃት ነው የወጣው። ደህናው የቱ እንደሆነ እሱ ያውቃል፣ እሷ አታውቅም፤ እንዳታውቅ ደግሞ ሰውዬው ስምንት ወር ሙሉ ለፍቷል።

ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። ማሃድ ጅግጅጋ ውስጥ አንድ የጭነት ማመላለሻ ቢሮ የሚሠራ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ድምፁን የሚወድ ሰው ነው። ድምፁን የሚወድ ስል ቀልድ አይምሰላችሁ፤ ማታ እንቅልፍ የሚወስደው የራሱን ቅጂ በኤርፎን እየሰማ ነው። ፈርሂያ የአጎቱ ልጅ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ፋርማሲ ተምራ ተመርቃ ሥራ እስክታገኝ ልጆች ታስጠናለች። ሁለቱም ቤታቸው ውስጥ ሶማልኛ፣ ቢሮና ትምህርት ቤት ደግሞ አማርኛ እያወሩ ያደጉ ናቸው፤ "ከካራማራ ወዲህ" የሚባል የአማርኛ ፖድካስት አላቸው። ስለ ግመል ገበያው፣ ስለ ቶጎጫሌ መንገድ፣ ስለ ሠርጉና ስለ ነፋሱ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ሰው ያወራሉ።

አላቸው አልኩ እንጂ ማሃድን ብትጠይቁት "አለኝ" ነው የሚላችሁ። የጀመረው እሱ ነው፤ ይሄን አልክድም። ፈርሂያን ያመጣት የአድማጭ መልእክት እንድታነብለት ነበር። ሦስተኛው ዝግጅት ላይ ግን አድማጩ "ያቺን ልጅ አስወሯት" ማለት አበዛ። አንዱ ከድሬዳዋ፣ "ሰውዬው ትንሽ ትንፋሽ ይውሰድና ልጅቷ ታውራ" ብሎ ጻፈ። ማሃድ ይቺን ካነበበ በኋላ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለው።

ሥራውን የሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ የነበራቸው ማይክ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ላዩ ወንፊት የመሰለ የዩኤስቢ ማይክ ነበር። እንዲህ ያለው ማይክ በአናቱ አይደለም የሚሰማው፤ በጎኑ ነው፣ ያውም በአንዱ ጎኑ ብቻ፣ የፋብሪካው ስም በተጻፈበት በኩል። ከዚያ በተቃራኒ የተቀመጠ ሰው የሚያወራው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ይመስላል። ማሃድ ይሄን ኢንተርኔት ላይ አንብቧል። ፈርሂያ አላነበበችም። የሚቀዱት እሱ ክፍል፣ ጠረጴዛ መሃላቸው አድርገው ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው። ስሙን ወደ ራሱ አዞረው። በቃ፣ ያደረገው ይሄው ነው።

አድማጩ "የልጅቷ ድምፅ አይሰማም" ብሎ ሲጽፍ መልእክቱን ጮክ ብሎ ያነበበላት ራሱ ማሃድ ነው። "አይዞሽ አባዮ" ይላታል ደግሞ፣ በሶማልኛ እህቴ ማለቱ ነው፣ እንደ ታላቅ ወንድም። "ማይክ የማይወደው ድምፅ አለ። ተፈጥሮ ነው፤ ምን ይደረጋል።" ልጅቷም አመነችው። ዝንጅብል በማር ጠጣች። በባዶ ሆዷ የሞቀ የግመል ወተት ጠጣች። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ጉሮሮዋን አስመረመረች፤ ሐኪሙ ምንም የለብሽም ሲላት ሐኪሙን ጠረጠረች። እየቆየች ስትሄድ ከሰው ጋር ስታወራ መሃል ላይ "ይሰማል?" ማለት ለመደባት። ሱቅ ሄዳ ሳሙና ስትገዛ እንኳ ትላለች። ማሃድ ይሄን ሁሉ በዓይኑ አየ፤ አንጀቱ አልራራም።

እንዲህ ሆነው ሳለ የማይኩ መሰኪያ ላላና ጨርሶ አልሠራ አለ። በዚያው ሳምንት አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ዝግጅቱን በደሞዝ እንወስደዋለን ብሎ ደወለ። የምንቀጥረው ግን አንድ አቅራቢ ነው፤ እስከ ቅዳሜ አሥር ደቂቃ ቅጂ ላኩልንና ከሁለታችሁ አንዳችሁን እንመርጣለን፤ አንድ ላይ ብትቀዱትም ለየብቻ ብትልኩትም ግድ የለንም አሉ። ማሃድ አንድ ላይ ይሻላል አለ። ፈርሂያ ባስጠናችበት ብር ማይኩን እኔ እገዛዋለሁ ስትል ደግሞ አብሬሽ ካልሄድኩ ብሎ ተነሳ።

ጋሽ ወልደሩፋኤል ሱቅ ነው የሄዱት። ጋሽ ወልደሩፋኤል ከመሃል አገር መጥተው ጅግጅጋ ሃያ ዓመት የተቀመጡ፣ ድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ የነበሩ፣ ዛሬ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ፊታቸው አይፈታም። ደንበኛ ሲገባ እንደ ባለ ዕዳ ነው ቀና ብለው የሚያዩት።

"ማይክ ፈልገን ነበር ጋሼ፣ በዩኤስቢ የሚሠራ" አለች ፈርሂያ። "ይሰማል?"

"ምኑ?"

"የምናገረው።"

"ደንቆሮ መሰልኩሽ?"

ማሃድ ሳቅ አለ። "እሷን ይተዋት ጋሼ፤ ስለ ማይክ የማውቀው እኔ ነኝ።"

"ከፋዩስ ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለች ፈርሂያ።

"እንግዲያው የማናግረው አንቺን ነው" አሉና ለማሃድ ጀርባቸውን ሰጥተው ሦስት ካርቶን ከመደርደሪያ አወረዱ። የማሃድ ደም ፈላ። ሰው ፊት እንዲህ የሚያደርገውን ሰው አይረሳም፤ ግን የመጣበት ጉዳይ አለና ዋጥ አደረገው።

የመጀመሪያው ልክ እንደ ድሮው ማይካቸው ነው፣ ባለ አንድ ፊት። ማሃድ ገና ሳይጠየቅ እጁን ጫነበት። "ይሄ ነው። የለመድነው ይሄ ነው፤ ይሄን እንውሰድ።"

ጋሽ ወልደሩፋኤል አልሰሙም፣ ወይም መስማት አልፈለጉም። ሁለተኛውን አወጡ። "ይሄኛው ከታች ቁልፍ አለው። ስታዞሪው በፊቱም በጀርባውም ይሰማል። ፊት ለፊት ተቀምጠው ለሚያወሩ ሁለት ሰዎች የተሠራ ነው።"

"እሱማ አይሆንም" አለ ማሃድ ፈጠን ብሎ። "ጫጫታ ይሰበስባል። ቤታችን ቆርቆሮ ነው፤ ነፋሱም ባጃጁም እሱ ውስጥ ነው የሚገባው።"

"በፊትና በጀርባ አልኩህ እንጂ በጣሪያ አላልኩህም።"

ፈርሂያ ማይኩን አንስታ ዞር ዞር አደረገችው። "ማይክ ጀርባ አለው እንዴ?" አለች።

"አነጋገር ነው" አለ ማሃድ። "ዝም ብለው ለሽያጭ የሚሉት ነው። ነይ ፈርሂያ፣ ሰዓት ሄደ፣ ቢሮ ይጠብቁኛል።"

"ቢሮ የሚጠብቁህ ከሆነ ሂድ" አሉ ጋሽ ወልደሩፋኤል። "እኔ ሳላስሞክር አልሸጥም። ነገ መጥታችሁ አይሠራም ብላችሁ በሬ ላይ እንድትጮሁብኝ አልፈልግም።" የመጀመሪያውን ማይክ ላፕቶፓቸው ላይ ሰኩና ባንኮኒው ላይ አቆሙት። ስሙ የተጻፈበትን ጎን ወደ ፈርሂያ አዞሩት። "ተናገሪ።"

"ምን ልበል?"

"ቁርስ ምን በላሽ?"

"ላሆህ በሻይ" አለች። "እናቴ ማር ጨመረችበት፤ እኔ ደግሞ ማር ሰልችቶኛል።"

ስፒከሩን ከፍ አድርገው አሰሟት። ሱቁ ውስጥ የወጣው ድምፅ ሙሉ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ እያንዳንዷ ቃል እዚያው አጠገብህ ቁጭ ብላ የምትነገር የምትመስል። ፈርሂያ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ይሄ እኔ ነኝ?"

"ሌላ ማን ተናገረ?"

ፈርሂያ ማይኩን አየችው። ከዚያ በራሷ እጅ አዞረችው፤ ስሙ ወደ ግድግዳው ሆነ። ያንኑ ስለ ላሆህና ስለ ማሩ ደገመችው። ጋሽ ወልደሩፋኤል ሲያሰሟት የወጣውን ድምፅ ለመለየት አልተቸገረችም። ስምንት ወር በየሳምንቱ ስትሰማው የኖረችው፣ የራሷ ብላ የተቀበለችው፣ ያ የጉድጓዱ ድምፅ ነው።

ወደ ማሃድ ዞረች። "ቤት ያለው ማይክ ስሙ በማን በኩል ነበር?"

"የምን ስም?"

"ማይኩ ላይ የተጻፈው።"

"እኔ በምን አውቃለሁ? ማይክ ሠሪ ነኝ እንዴ?"

"አሁን ‘ስለ ማይክ የማውቀው እኔ ነኝ’ አላልክም?"

ፈርሂያ ገና መጀመሯ ነበር፤ ድምፅዋም ከፍ አላለም፤ ማሃድን ያስፈራው ይሄው ነው። "የባቢሌዋን የኦቾሎኒ ነጋዴ ታሪክ ያወራሁ ዕለት ጠረጴዛውን የወለወልኩት እኔ ነበርኩ። ማይኩን አንስቼ መልሼ ያስቀመጥኩትም እኔ። የዚያን ቀን ድምፄ ወጣ። አንተ ማይኩ ተበላሽቷል ብለህ ቅጂውን አጠፋኸው። ሻይ አምጪ ብለህ ላክኸኝ፤ ተመልሼ ስንቀዳ ድምፄ የለም።"

"አጋጣሚ ነው።"

"ማሃድ።"

"እሺ፣ አዞርኩት እንበል። ምን ይጠበስ?" አለ፤ ዓይን ያወጣውን ውሸት ትቶ ዓይን ወዳወጣው እውነት ገባ። "ፕሮግራሙ የማን ነው? መልእክት እንድታነቢ ነው ያመጣሁሽ። አንብቢ አልኩሽ እንጂ ውረሺኝ አልኩሽ? እኔ ባላመጣሽ ማን ያውቅሽ ነበር?"

"ሐኪም ቤት አብረኸኝ ሄደሃል" አለች ፈርሂያ። "ወረፋ ይዘህልኛል።"

በሩ ላይ አንድ ባጃጅ ቆሞ ጥሩምባ ሲያሰማ፣ ማሃድ የሚጠራው ሰው ያለ ይመስል ወደዚያ አየ። ጋሽ ወልደሩፋኤል በሁለቱ መሃል አልገቡም፤ የመጀመሪያውን ማይክ ነቅለው ገመዱን እየጠቀለሉ ካርቶኑ ውስጥ ከተቱት።

"ሦስተኛው ምንድነው ጋሼ?" አለች።

"የመድረክ ዓይነት ነው፤ ግን በዩኤስቢ ይሠራል። በአናቱ ነው የሚሰማው። ስትናገሪ አፍሽን ታስጠጊዋለሽ፤ ራቅ ያለውን ነገር ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ለጫጫታ ቤት ደህና ነው።"

"ለሁለት ሰው አይሆንም" አለ ማሃድ። አሁን ድምፁ ውስጥ ልመና ነበረበት። "ፈርሂያ፣ ሁለተኛውን ያዢው እሺ፣ ባለ ቁልፉን። በሁለቱም በኩል እናደርገዋለን። ቅዳሜ እኮ ነው። አንድ ላይ ነው ያልነው።"

"ያልከው አንተ ነህ" አለች። "ሦስተኛውን ይስጡኝ።"

ከፈለች። ከዚያ ደግሞ፣ "ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎ እዚሁ ልቅዳበት? አሥር ደቂቃ ነው። ዛሬውኑ መላክ እፈልጋለሁ" አለች። ሰውዬው በሕይወታቸው ለስንት ደንበኛ ወንበር እንዳቀረቡ አላውቅም፤ ለእሷ ግን አቀረቡ። ላፕቶፑን ከመደርደሪያው ጀርባ ወሰዱት፣ ማይኩን አፏ ሥር አቆሙት፣ ተመልሰው መጥተው ማሃድን፣ "አንተ፣ ወይ ዝም በል ወይ ውጣ" አሉት።

ማሃድ አልወጣም። በሩ አጠገብ ቆመ። ፈርሂያ የባቢሌዋን ሴትዮ ከሥር ጀምራ ታወራ ጀመር፤ ሴትዮዋ የሐረር አውቶቡስ ሲቆም እንዴት እንደምትሮጥ፣ በመስኮት ኦቾሎኒ እየሰጠች መልስ ሳትሳሳት እንዴት እንደምትቆጥር፣ ሹፌሩን በስሙ እየጠራች እንዴት እንደምትሳደብ። ሱቁ ውስጥ የነበረ አንድ ቻርጀር ገዢ ዕቃውን ይዞ መሄድ ሲገባው ቆሞ ይሰማት ጀመር። ማሃድም ሰማ። ከእሱ ትበልጣለች። ይሄን ዛሬ አይደለም ያወቀው፤ ማይኩን ያዞረ ዕለት ያውቅ ነበር።

ያን ጊዜ ማሃድ ሆን ብሎ ሳለ። ጉንፋን የለበትም፤ ጉሮሮውም አልከረከረውም። ከሆዱ ጎትቶ አንዴ ሳለ፣ ቆየና ደግሞ ሳለ። እሷ አላቆመችም። ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ብረቱ በር ላይ አንኳኳው፣ ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ጣለው፣ ሲያነሳም ሦስተኛ ጊዜ ሳለ። ቻርጀር ገዢው ዞሮ ገላመጠው። ጋሽ ወልደሩፋኤል ክንዳቸውን አጣምረው ያዩት ነበር። ማሃድ ግድ አልሰጠውም። አሥሩን ደቂቃ አበላሽቶታል፤ ደግማ ብትቀዳም ደግሞ ይስላል፣ እስኪመሽም ቢሆን።

ስትጨርስ ጋሽ ወልደሩፋኤል ቅጂውን ከመጀመሪያው አሰሟት። ማሃድ ሳሉን እየጠበቀ ቆመ። ሴትዮዋ ሮጠች፣ አውቶቡሱ ቆመ፣ መስኮቱ ተከፈተ፣ ሹፌሩ ተሰደበ፤ የፈርሂያ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። መጨረሻው አካባቢ፣ ሁለት ቃል መሃል፣ ከሩቅ አንድ ትንሽ ኩሽ የሚል ነገር ተሰማ።

"ይሄ ምንድነው?" አለች ፈርሂያ።

ጋሽ ወልደሩፋኤል ወደ ኋላ መልሰው ደገሙት። ማሃድን አየት አደረጉት።

"ከመንገድ የገባ ነው" አሉ።

እሷም ማሃድን አየችው፤ ዓይኗን ብዙም አላቆየችበትም።

"ይቁረጡልኝ" አለች።

ቆረጡት።