የአታ ቦርቴ ቀኝ እጅጌ

ሶዋ ጢሙ መሐል ሽበት ብቅ ብቅ ማለት ከጀመረ በኋላም የጌታውን የአታ ቦርቴን የልብስ ስፌት ሱቅ የሚጠርገው እሱ ነበር። ከእሱ በኋላ ለልምምድ የገቡት ሁሉ ነጻ ወጥተዋል። አንዱ ቴማ ከተማ የራሱን ሱቅ ከፍቷል፤ አንዷ የሙሽራ ልብስ እየሰፋች ስሟ ገንኗል። ሶዋ ግን እዚያው ነው። ለልብስ የመጣ እንግዳ ሁሉ ጢሙን አይቶ ባለሱቁ ይመስለዋል። "ማስተር፣ ኮቴ ደረሰ ወይ?" ይለዋል። ሶዋም መጥረጊያውን ከጀርባው ደበቅ አድርጎ "ማስተር አሁን ይመጣሉ" ይላል።

ነጻ መውጣት በባሕር ዳሯ ኑንጉዋ የዋዛ ነገር አይደለም። ተለማማጅ ሲገባ መጠጥ ይዞ ይገባል፤ ሲጨርስ ደግሞ ጌታው በሰው ፊት አናቱ ላይ ነጭ ፓውደር ነስንሶ መቀስ ያስጨብጠዋል። ፓውደር ያልነካው ሰው ጣቱ ወርቅ ቢሆን የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ሱቅ አያስከፍተውም። ሶዋ የአባቱን ጀልባ ድርሻ ሸጦ ያሠራት ሰማያዊ ኪዮስክ መንገድ ዳር ተቆልፋ ቆማለች። ጥላዋ ሥር የአክስቱ ልጆች ቀኑን ሙሉ ዳማ ይጫወታሉ።

ያሰረው እጅጌ ነው። ሱሪው ይዋጣለታል፣ ኮሌታውም ይዋጣለታል፤ እጅጌ ላይ ሲደርስ ነገር ይበላሻል። አታ ቦርቴ ኮቱን ተቀብለው በሩ ላይ ወዳለው ብርሃን ይወስዱና ትከሻውን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ያደርጉታል። ከዚያ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ይመልሱለታል። ሶዋም ቁጭ ብሎ ይተረትራል። እንዲህ ሲተረትር ስድስተኛ ዓመቱን ያዘ።

አታ ቦርቴ የሞቱትም የእሱን ኮት እንደያዙ ነው። አንድ ማለዳ ግራጫውን ኮት ወደ በሩ ወሰዱ፤ ቀኝ ትከሻውን ዳሰሱ፤ ከዚያም ከስንት ዘመን ዝምታ በኋላ ወደ ሶዋ ዞረው አፋቸውን ከፈቱ። የሶዋ ልብ ቀጥ አለ። እውነት ቀጥ ያለው ግን የእሳቸው ልብ ኖሯል፤ ከነኮቱ ደፉ ላይ ተዘረጉ።

ሶዋ ጮኸ፣ ጎረቤት ጠራ፣ ታክሲ አስቆመ፣ ጭንቅላታቸውን ጭኑ ላይ አድርጎ እስከ ሐኪም ቤት ሄደ። ሁሉንም በወጉ አደረገ። እውነት ይነገር ከተባለ ግን መንገዱን ሙሉ ሆዱ ውስጥ ሲመላለስ የነበረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ምን ሊሉኝ ነበር?

በኑንጉዋ ሰው ሞተ ተብሎ በማግስቱ አይቀበርም። እንግሊዝ አገር ያለው ልጅ ፈቃድ እስኪያገኝ፣ አጥሩ ቀለም እስኪቀባ፣ ፎቶው በየግድግዳው እስኪለጠፍ ሬሳው በረዶ ቤት ይቆያል። በዚህ መሐል ሶዋ ነጻ ያውጡኝ ብሎ የማኅበሩን ሊቀመንበር ኳርኩን ደጅ ጠና። ኳርኩ ሆዳቸው ከራሳቸው ቀድሞ ደጃፍ የሚገባ፣ ደንብ ሳይጠቅሱ ምሳ የማይበሉ ሰው ናቸው። ጌታው የሞተበት ተለማማጅ ሌላ ጌታ ፈልጎ ከመጥረጊያው ይጀምራል አሉት። ሶዋ ስንት ዓመት ጠርጌያለሁ ቢላቸው፣ ያ ወለል ሌላ ወለል ነው ብለው መለሱለት።

ጨነቀው። ሄዶ የሟች ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ተደፍቶ አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ግቢው ሁሉ ለጌታው የሚያነባ መስሎት "እንዲህ ያለ ተለማማጅ ከየት ይገኛል" እያለ አብሮት አለቀሰ። የሟች ታላቅ ወንድም አታ አክዌቴ ብቻ ጠጋ ብለው የእንባውን ምክንያት ጠየቁት። ነገራቸው።

"ቦርቴ ተቀብሯል እንዴ?" አሉት።

"ኧረ አልተቀበሩም፣ አታ።"

"ታዲያ ምን ያንጰረጵርሃል? ያልተቀበረ ሰው ሥራውን አልጨረሰም። የቀብሩ ቀን የስፌት መኪናው ላይ እናስቀምጠው የለ? እሱ እጅ አለው፣ አንተ አናት አለህ። ራሱ ነጻ ያውጣህ።"

ነገሩ ለማንም አልከበደም። እዚያ ሟች ተጋድሞ ብቻ አይሸኝም፤ ሾፌር ከሆነ መሪ ያስጨብጡታል፣ ዓሣ ሻጭ ከሆነች ከነመክተፊያዋ ያስቀምጧታል። ኳርኩ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር ቢያገላብጡት ጌታው መተንፈስ አለበት የሚል አንቀጽ አጡ። ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ሟች የሚለብሱትን ሙሉ ልብስ ሶዋ ይስፋ፣ ፈተናውም እሱ ይሁን አሉ።

የቀብሩ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ግቢው ቀይና ጥቁር በለበሰ ሰው ጢም አለ። አታ ቦርቴ የስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠዋል። መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ፣ ሜትሩ አንገታቸው ላይ፣ እግራቸው መርገጫው ላይ፤ ሁለት እጃቸው መርፌው ሥር በተነጠፈ ጨርቅ ላይ አርፏል። ሬሳ አልባሿ ላሚሌ ከጀርባ በጣውላ ደግፋ በገመድ አስራቸዋለች፤ ከፊት ለሚመጣ ሰው ግን ምንም አይታይም። በቁማቸው ከሚያውቃቸው ይልቅ ዛሬ አምሮባቸው ያገኛቸው ብዙ ነው። አንዲት ሴትዮማ ከፋሲካ በፊት የሰጠቻቸው ቀሚስ ምን ደረሰ ብላ ጠየቀቻቸው፤ ስትወጣም መልስ ስላላገኘች ተቀይማ ነበር።

አታ አክዌቴ መጠጡን መሬት ላይ አፍስሰው የሞቱ አያቶችን ጠሩ። ሲነፋ የነበረው ጥሩምባ ጸጥ አለ። ኳርኩ ሶዋን አንበረከኩትና ወደ ሟች ጎንበስ ብለው፣ ይህን ተለማማጅ ነጻ ያወጡት እንደሆነ በይፋ ጠየቁ። ግቢው ዝም አለ። ሟችም ዝም አሉ።

"ይኸው ዝም አለ" አሉ አታ አክዌቴ። "ዝም ካለ ፈቅዷል።"

የሟች ሚስት ማሚ ካይ ከወንበራቸው ተነሱ። "ምኑን ነው የፈቀደው? አብሬው የኖርኩት እኔ ነኝ። ይሄ ሰውዬ ደስ ሲለው ይሳደባል። ሾርባው ሲጥመው 'አንቺ ጠንቋይ፣ ማን አስተማረሽ?' ይለኛል። ዝም ካለ ግን አልፈለገም ማለት ነው።"

ከዚያ ወዲያ ለቅሶው ችሎት ሆነ። ከእንግሊዝ የመጣው ልጅ የሙት ዝምታ ከቁም ዝምታ ጋር አይቆጠርም ብሎ ተከራከረ። ጎረቤቱ ደግሞ፣ በቁሙ ዝም ሲል የኖረ ሰው ከሞተ በኋላ ዝም ቢል ሐሳቡን አልለወጠም ማለት ነው አለ፤ ይህ ለብዙው ሰው ትክክል መሰለው። ሶዋ እንደተንበረከከ፣ አታ ቦርቴ በሞቱባት ደቂቃ ወደ እሱ ዞረው አፋቸውን እንደከፈቱ ተናገረ። ግቢው ተንጫጫ። አፉን ከከፈተ ሊሳደብ ነበራ፣ ሊሳደብ ከነበረ ወዶታላ አሉ የሶዋ ወገኖች። ማሚ ካይም ትንሽ አስበው ሊሆን ይችላል አሉ። ኳርኩ ግን አየር አጥሯቸው ቢሆንስ ብለው ነገሩን እንደገና አፈረሱት። ሩዙ ቀዘቀዘ፤ ትልቁን ጥሩምባ የሚነፋው ሰውዬም ጥሩምባውን አቅፎ አንቀላፋ።

በመጨረሻ ኳርኩ፣ አፍ ካልመሰከረ ሥራ ይመስክር ብለው የሟችን ልብስ መመርመር ጀመሩ። ኮሌታውን ዳሰሱ፣ ኪሱን ገለበጡ፣ እጅጌውን ከትከሻ እስከ እጅ አንጓ ዳበሱት። ከዚያ ቀና ብለው ጥሩ ነው አሉ። ሕዝቡ እፎይ አለ። ላሚሌ የሟችን ቀኝ እጅ ከጨርቁ ላይ አነሳች፤ መዳፉ ላይ ፓውደር አድርጋ ወደ ሶዋ አናት አመጣችው።

ሶዋ ዓይኑን ጨፍኖ ቢጠብቅ ኖሮ ነገሩ አልቆ ነበር። እሱ ግን ቀና አለ። የሟች ክንድ ወደ ላይ ሲነሳ ጨርቁን ስቦት፣ ትከሻው መጋጠሚያ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጭምዳጅ ወጥታለች። ኳርኩ አላዩዋትም፣ ማንም አላያትም። ዝም ቢል ፓውደሩ ይወርዳል፣ ኪዮስኳ ትከፈታለች፣ ጭምዳጇም ከሟች ጋር አፈር ትገባለች።

"ቆዩ" አለ። "እጅጌው ልክ አይደለም።"

አክስቱ፣ ልጁ አብዷል ያዙልኝ አለች። ኳርኩ ማኅበሩ አጽድቋል ብለው ተቆጡ። ሶዋ ማንንም አልሰማም። የሬሳ ኮት ጀርባው የተሰነጠቀ ስለሆነ በቀላሉ ወለቀለት፤ ላሚሌ ምላጭ አቀበለችው፣ በጥርሷ መሐልም ከበረዶ ቤት ከወጡ ቆይተዋልና ፍጠን አለችው። ቀኝ እጅጌውን ተረተረ። ግቢው ውስጥ ሌላ መኪና ስላልነበረ ሟችን ሸርተት አድርጎ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ እግራቸውን በእግሩ ገፋ አደረገና መርገጫውን ረገጠ። ጨርቁ በአታ ቦርቴ ጣቶች ሥር እያለፈ ይሰፋ ጀመር። ዘግይቶ የመጣ አንድ ለቀስተኛ ጌታና ተለማማጅ ጎን ለጎን ሲሰፉ ከበሩ ላይ አየና፣ ይዞት የመጣውን ውሃ እዚያው ጥሎ ወደ መጣበት ሮጠ።

ሰፍቶ ጨረሰ፣ አለበሳቸው። ላሚሌ ክንዱን እንደገና አነሳች። ሶዋ ጠጋ ብሎ ትከሻውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ጭምዳጇ አንሳለች፤ ግን አለች። አንድ ቃል ሳይተነፍስ እጁን ወደ ምላጩ ሰደደ።

ማሚ ካይ እስካሁን ቆመው ጣቱን ሲከታተሉ ነበር። ዓይናቸው እንባ ሞላ። መጥተው ምላጩን ከእጁ ቀሙት።

"ተወው ልጄ" አሉት። "ይሂድበት። እዚያ ሲደርስ ራሱ ይተርትረው፤ ሌላ ምን ሥራ አለው?"

ኳርኩ በጌታው እጅ ካልሆነ ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ማሚ ካይ የፓውደሩን ጣሳ እንዳለ ሶዋ አናት ላይ ገለበጡት። ለሟችም ደረሳቸው፣ ለኳርኩ ሆድም ተረፈ። አታ አክዌቴ ይባርካችሁ እያሉ አጨበጨቡ፣ ጥሩምባ ነፊውም ነቅቶ የመጣለትን ነፋ። ሶዋ ነጭ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። አታ ቦርቴ ከሞቱ ወዲህ ያፈሰሰው እንባ ሁሉ ለራሱ እንደነበር አሁን ገባው። ግንባሩን እዚያች ጭምዳጅ ላይ አስደግፎ ለሰውየው አለቀሰላቸው።