ቁልቁለቱን በእግር

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከፍጥነቱ የተነሳ ባልደረቦቹ «ነፋሱ» ይሉታል፤ እሱም ስሙን አይጠላውም። የመኪኖቹ ማደሪያ ከሰፈራችን በላይ ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት እኛ ወደ ትምህርት ቤት ቁልቁለቱን ስንወርድ እነሱም ከኋላችን ይወርዳሉ። የእግረኛ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። ድምፃቸውን ስንሰማ እኔና ታናሽ እህቴ እጅ ለእጅ ተያይዘን ቦዩ ውስጥ እንገባለን፤ እስኪያልፉም አቧራቸውን እንጠጣለን።

አንድ ቀን አንዱ መኪና የእህቴን ቦርሳ ገጭቶ ቦዩ ውስጥ ጣላት። እግዜር አውጥቷት ጉልበቷ ብቻ ተላጠ። እናቴ አልጮኸችም። አባቴ ሲገባ ቁስሉን እያጠበች ነገረችውና፣ «ነገ እረፍትህ አይደል? በእግርህ አድርሳቸው» አለችው።

በማግስቱ በመሃላችን ሆኖ ወረደ። መዳፉ ሻካራ ነው፤ ስንቴ ቢታጠብ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። አብረን እንደዚያ ሄደን ስለማናውቅ ደስታችን ልክ አልነበረውም። ኩርባው ጋ ስንደርስ አንድ መኪና ከኋላችን እየተምዘገዘገ መጣ። አባቴ ሁለታችንንም ጎትቶ ቦዩ ውስጥ ገባ። ሹፌሩ ወዳጁ ኖሮ ክላክስ አድርጎ ሰላም አለው። አባቴ እጁን አላነሳም።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለን።

«አይ አባዬ» አለች እህቴ፣ «አንተ ስትነዳ ይብሳል።»

ክፋት አልነበረባትም፤ እንዲያውም ኮራ ብላ ነው የተናገረችው። አባቴ እጃችንን አጥብቆ ይዞ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አደረሰን።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ባልደረቦቹ ሄደ። ቁልቁለቱን ቀስ ብለን እንውረድ ቢላቸው «ነፋሱ ተነፈሰ» ብለው ሳቁበት። አብሯቸው ሳቀና፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጠዋት ልጃቸውን በእግር እንዲያደርሱ ለመናቸው። መጀመሪያ የሄደው ያ ክላክስ ያደረገው ወዳጁ ነበር። እሱ ሲመለስ የሚስቅ ጠፋ።

በእረፍት ቀናቸው ድንጋይና ጠጠር ጭነው መጥተው ከቦዩ ማዶ የእግረኛ መንገድ ሠሩልን። እኛ ውሃ እናቀብላለን፤ አባቴ አካፋውን ይዞ ቅጥ ያጣ ዘፈኑን ያንጎራጉራል። ማዘጋጃ ቤቱም ቆይቶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዜብራ ቀባ፤ የመኪና ፍጥነት የሚቀንስ ጉብታም ሠራ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ልጅ ተጎዳ ሲባል አልሰማሁም።

አባቴ ዛሬ በሕይወት የለም። እረፍት ባገኘ ቁጥር ግን እስክናድግ ድረስ አብሮን ይወርድ ነበር። እህቴ ጥያቄ ታበዛበታለች፤ እሱም የማያውቀውን ሁሉ በመላ ይመልስላታል። ወፎች የመብራት ሽቦ ላይ ለምን ተሰልፈው እንደሚቀመጡ የነገረን ነገር ፈጠራው መሆኑን ያወቅሁት አድጌ ነው። እህቴ ግን የልጆች እናት ሆናም እውነት ነው ትላለች።