የብሮድሪክ ጥግ

መኪናው ከሞቀ ቆይቷል። አርደን ቲሰን ግን ሁለት እጆቹን መሪው ላይ ጭኖ እንደተቀመጠ ነው። የፊት መስታወቱ ላይ የነበረው በረዶ ቀልጦ ወርዷል፤ የትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ መብራት ወለል ብሎ ይታየዋል። በመስታወቱ በር በኩል የሰው ጀርባ፣ የሰው ካፖርት፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የልጁ የጆሊን ቢጫ ሹራብ ብልጭ ይላል። ጆሊን በጣቷ እየጠቆመች ሰው ትቆጥራለች። ቆጥራ ትጨርስና አንገቷን አስግጋ አዳራሹን ትቃኛለች፤ ከዚያ እንደገና ትቆጥራለች። የምትፈልገው ማንን እንደሆነ አርደን ያውቃል።

«ሞተሩን አሙቄ ልምጣ» ብሎ ነበር የወጣው። በአዮዋ ብርድ እንዲህ ብሎ የሚወጣን ሰው ማንም ለምን አይለውም። ማመካኛው ጥሩ ነበር፤ የከፋውም ጥሩ መሆኑ ነው።

በዚህ ከተማ የፓርቲው ሰዎች ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርቡትን እጩ የሚመርጡት ሳጥን ውስጥ ወረቀት በመክተት አይደለም። በር ላይ ስምህን ታስመዘግባለህ፣ ከዚያ የምትደግፈው እጩ ሰዎች ወደተሰበሰቡበት ጥግ ሄደህ ትቆማለህ። ጎረቤትህ ያይሃል፣ የድሮ አለቃህ ያይሃል፣ ጥርስህን የነቀለልህ ሐኪም ያይሃል። አርደን ይህን ሥርዓት ዕድሜውን ሙሉ ሲወደው ነው የኖረው። የወተት ቦቴ ይነዳ በነበረበት ጊዜ «ያመነበትን ቆሞ የማያሳይ ሰው፣ ሰው ነው እንዴ?» እያለ ስንቱን ወጣት አሰልችቷል።

ዶራ ብሮድሪክን ደግሞ ከልቡ ነው የወደዳት። የአጎራባቹ ክፍለ ግዛት አስተዳዳሪ የነበረችው ይህች ሴት በመኸር ወቅት ለቅስቀሳ ከተማው መጥታ በእሳት አደጋ ሠራተኞች አዳራሽ ስትናገር፣ አርደን እጁን አውጥቶ ስለ ወተት ዋጋ ጠይቋት ነበር። «አላውቅም» አለችው። «ልዋሽህ አልፈልግም፤ አጣርቼ እነግርሃለሁ።» በሳምንቱ ራሷ ደወለችለት። ስልኩን ዘግቶ ለረጅም ጊዜ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ነገሩን ለጆሊን ብቻ ነገራት። ሁልጊዜ ጠዋት ካፌ ተገናኝተው ካርታ ለሚጫወቱት ጓደኞቹ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ጆሊን ትዳሯ ፈርሶ አባቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ ሶፋው ላይ ተኮራምታ ቴሌቪዥን ከማየት በቀር ሥራ አልነበራትም። ከዚያ አንድ ቀን ተነሥታ ለብሮድሪክ ልትቀሰቅስ ወጣች። በበረዶ ውስጥ በር ስታንኳኳ ዋለች፣ ውሻ አባረራት፣ በር ተዘጋባት፤ ማታ ማታ ግን ጉንጯ ቀልቶ እየሳቀች ትገባ ጀመር። ልጄ ተመለሰችልኝ አለ አርደን በልቡ።

ትናንት እራት ላይ ሹካዋን አስቀምጣ ጠይቃው ነበር።

«አባዬ፣ እርግጠኛ ነህ ግን? ዋሊና የካርታ ጓደኞችህ እንደሆነ መቀለጃ ነው የሚያደርጉህ።»

«ዋሊ ደግሞ ማነው? ቆጠራው ሲጀመር መጀመሪያ የምትቆጥሪው እኔን ነው» አላት፣ አፉን ሞልቶ።

ዛሬ ግን ስሙን አስመዝግቦ ገና ቀና ከማለቱ የዋሊ ብራንት ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ዋሊና የካርታ ጓደኞቹ ከትልቁ ጥግ፣ ከሌላው እጩ ከሸበቶው ሴናተር ደጋፊዎች ጋር ቆመዋል፤ የብሮድሪክ ጥግ ግን ሴቶች የበዙበት ነው።

«ኧረ አርደን! ከኬክ ጋጋሪዎቹ ጋር ነህ አሉ! ሽርጥህን ይዘህ መጣህ ወይስ እዚያው ያድሏችኋል?»

«ተወው ባክህ፣ ፀጉሩን ሊሠሩት ቃል ገብተውለት ነው!» አለ አንዱ፤ የአርደን ራስ ላይ ፀጉር የሚባል ነገር የለም።

ስቆ ማለፍ ይችል ነበር። ወይም «አዎ፣ ከእነሱ ጋር ነኝ» ቢል ሁሉ ነገር እዚያው ባለቀ። አፉ ግን ቀደመው።

«ምን ላድርግ ጌታዬ፣ እራት የምታበላኝ ልጄ ናት! ለሆዴ ብዬ ነው እንጂ፣ ሴትዮዋንማ ማን ከቁም ነገር ቆጥሯት!»

ሳቁ እስከ ጣሪያው ተሰማ። አርደንም አብሮ ሳቀ። ዞር ሲል ጆሊን አጠገቡ ቆማለች፤ ደረቱ ላይ የምትሰካለትን የብሮድሪክን አርማ ይዛ ነበር። ትስማ አትስማ አላወቀም። ሰካችለትና ወደ ጥጓ ሄደች። ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘጋና ወጣ።

አሁን መኪናው ውስጥ ሆኖ ያንን ሳቅ ደጋግሞ ይሰማዋል፤ የዋሊን ሳይሆን የራሱን። ቢጠላት፣ ባያምንባት ምን ነበረበት! ያመነባትን ሴት፣ ደውላ ያከበረችውን ሴት፣ ለአራት ሽማግሌዎች ጥርስ ሲል ሸጣት። ልጁንም አብሮ።

የመስታወቱ በር ጋ ቢጫ ሹራብ ታየ። ጆሊን ናት። ሁለት መዳፎቿን ዓይኖቿ ዙሪያ ከልላ ፊቷን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ወደ ጨለማው አፈጠጠች። መብራት ማብራት፣ ጥሩምባ መንፋት፣ በሩን ከፍቶ «መጣሁ» ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን ዝቅ አለ። የልጅ ልጅ ሊያይ የሚገባው ሽማግሌ ከገዛ ልጁ ተደብቆ መሪው ስር ገባ። ጉልበቱ ከአገጩ ጋር ተጋጨ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ቀና ሲል በሩ ላይ ማንም የለም። ያኔ ነው የባነነው። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ ሮጠ።

ሲገባ የስብሰባው መሪ ሎይስ በድምፅ ማጉያው ውጤት እያነበበች ነበር።

«ብሮድሪክ፣ አሥራ ሁለት። የተመዘገበው ሰው ሰማንያ አንድ ስለሆነ፣ አንድ ጥግ ከመቶ አሥራ አምስቱን እንዲይዝ ቢያንስ አሥራ ሦስት ሰው ያስፈልገዋል። አዝናለሁ ጆሊን። የእናንተ ጥግ ፈርሷል፤ ሰዎቻችሁ ወደፈለጉበት ይሂዱ።»

«ሰማንያ ብንሆን ኖሮስ?» አለች ጆሊን።

ሎይስ አሰላችው። «ሰማንያ ቢሆን አሥራ ሁለት ይበቃችሁ ነበር።»

አርደን በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ቢቆምላት አሥራ ሦስት ይሆኑ ነበር። ቤቱ ተኝቶ ቢያድር እንኳ አሥራ ሁለቱ ይበቋት ነበር። እሱ ስሙን አስገብቶ እግሩን ደበቀ፤ ልጁን ሊጥል የሚችልበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፣ ያንኑ አገኘው።

ከየጥጉ ሰዎች ብስኩት ይዘው እየመጡ የብሮድሪክን ሴቶች ማግባባት ጀመሩ። «ወደኛ ኑ፣ እኛ ጋ ወንበር አለ!» ይላል ዋሊ። ሴቶቹ ጆሊንን እያቀፉ፣ አንድ በአንድ ተበተኑ።

አርደን ባዶውን የቅርጫት ኳስ ሜዳ አቋርጦ ሄደ። ሰው ሁሉ ያየዋል። ጥጉ ጋ ደርሶ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆመ።

«እኔ እዚህ ነኝ» አለ። «እኔ የብሮድሪክ ነኝ።»

ዋሊ ይስቃል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልሳቀም። «አርደን፣ አልቋል እኮ ወዳጄ። ና ይልቅ» አለው፣ በለሰለሰ ድምፅ። ያ ልስላሴ ከቀልዱ ሁሉ በለጠበት።

«ቆጠራው አልፏል፤ እዚያ ብትቆም አይቆጠርልህም፣ አርደን» አለች ሎይስ።

«አውቃለሁ።»

በእርግጥም ያውቅ ነበር። ሊቆም የቻለው ስለማይቆጠር መሆኑንም ያውቅ ነበር፤ ፊቱ እንደ እሳት ነደደ።

ጆሊን ወደ እሱ መጣች። ብትጮህበት፣ ብትሰድበው ደስ ባለው። ዓይኗ ደረቅ ነው። ሶፋው ላይ ተኮራምታ በነበረች ጊዜ የነበራት ዓይን ነው።

«ጆሊን... ያልኩትን ሰምተሽ ነበር?»

«የቱን?» አለችው።

ከዋሊ ፊት ያለውን ነው? እራት ላይ ያለውን? አሁን ያለውን?

«አባዬ፣ እስቲ ፈቀቅ በል» አለች ዝግ ብላ። «የብሮድሪክ ስም የተጻፈበት ወረቀት ከኋላህ ነው። ልንቀለው።»

ፈቀቅ ሊል ፈለገ። በቀኙ ዋሊ ቦታ ለቆለት ይጠብቀዋል። በግራው በሩ ነው፣ ከበሩ ውጭ ሞተሩ እየሠራ የቆመ መኪና። እግሩ አልታዘዝ አለው። ጆሊን እጇን ወደ ግድግዳው ዘርግታ፣ እሱ ፈቀቅ እስኪል ትጠብቃለች።