የማይመለሰው የጫማ ክር

እስረኛ ማረፊያ ቤት ሲገባ ቀበቶውንና የጫማ ክሩን ይቀበሉታል፤ ተስፋ ቆርጦ ራሱን እንዳያንቅ ነው። ደንቡ ክፋት የለውም። ግን ሰው ጫማውን እየጎተተ ችሎት ሲቀርብ፣ ገና አፉን ሳይከፍት ወንጀለኛ ይመስላል። ይሄ ነገር አንጀቷን ስለሚበላው አንዲት ጠበቃ ጥቁር የጫማ ክር በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች። ደንበኛዋ ችሎት ሲገባ ታውሰዋለች፤ ተፈርዶበት ወደ እስር ቤት ሲመለስ ፈትቶ ይሰጣታል። እስከ ዛሬ ክሩ ሳይመለስላት ቀርቶ አያውቅም፤ በነጻ የወጣላት ደንበኛ የለም። ቢሮ የሚጋራት ጠበቃ ክርሽ ገደ ቢስ ነው፣ ጣይው እያለ ይቀልድባታል። አብራው ትስቃለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ቀልዱ ያንገበግባታል።

የዛሬው ደንበኛዋ የመጋዘን ጥበቃ ደብድቦ ገድሏል ተብሎ የተከሰሰ ሹፌር ነው። እሷ እንዳልገደለ ታምናለች። ዐቃቤ ሕግ በእጁ ያለው ማስረጃ ሁለቱ ሰዎች በዚያው ቀን መጣላታቸው ብቻ ነው። ቢሆንም ሰው በዚህም ይፈረድበታል፤ ከተፈረደበት ደግሞ ዕድሜ ልኩን ነው። ከችሎቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ማቆያ ክፍል ክሩን ሰጠችውና ጫማውን አሰረበት።

"ሲያልቅ እመልስልዎታለሁ" አላት።

ሰብሳቢው ዳኛ መነጽራቸውን አስተካክለው ፍርዱን አነበቡ። ዐቃቤ ሕግ እንደ ክሱ አላስረዳም፤ ተከሳሹ በነጻ ይሰናበት።

ጠበቃዋ ዞር ስትል ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ ክሩን እየፈታ ነው። የተባለው አልገባውም፤ ወይም ገብቶት ማመን ፈርቷል።

"ተወው፣ አድርገኸው ወደ ቤትህ ሂድ" አለችው።

እጁ ግን አልሰማም፤ መፍታቱን ቀጠለ። ካባዋን ሰብስባ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና የፈታውን መልሳ ታስርለት ጀመር። ያ ገደ ቢስ ክር ዛሬ በር አልፎ ሊወጣ ነው።

ከጎኗ ሰው ቆመ። ቀና ስትል የሟች እናት ናቸው። ክሱ ከተጀመረ ወዲህ ከችሎቱ ቀርተው አያውቁም፤ ሁልጊዜ የኋላው አግዳሚ ላይ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ሹፌሩን ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

"የኔ ልጅ፣ ታዲያ ልጄን ማን ገደለብኝ?" አሏት።

የምራቸውን ነበር የጠየቋት፤ የተማረች ናትና ታውቃለች ብለው። ጠበቃዋ አንዱን ጫማ አስራ ጨርሳ ነበር። የሁለተኛውን ክር እንደያዘች ከተንበረከከችበት መነሳት አቃታት።