ያለፈ ወር አይከፈልም

ዳይቺ በቀኝ እጁ ሲመታው ኒሎ ቡጢውን አላየውም። መንጋጋው ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማ፤ ገመዱ ላይ ተንጋለለ። ዳይቺ ተከትሎ ገብቶ ጎድኑን ሁለት ጊዜ ደለቀው።

«በቃ!» አለ ኩዋባራ ከመድረኩ ግርጌ። የጂሙ ባለቤት እሱ ነው። «ኒሎ፣ እጅህን ለምን ታወርዳለህ?»

«ደክሞኝ ነው አለቃ።»

«ደሞዝ የምከፍልህ እንድትደክም አይደለም።»

ኒሎ ደሙን ባልዲው ውስጥ ተፋና እጁን አነሳ። አልደከመውም። በግራ ዓይኑ ላይ ከብርዱ ወራት ጀምሮ ጥቁር መጋረጃ ወርዶበታል። መጀመሪያ ከዳር ጀመረው፤ እያደር ሸፈነው። አሁን በዚያ ዓይን የሚያየው ነገር የለም። ለሐኪም ቢናገር ለኩዋባራ ይደርሳል። ለኩዋባራ ከደረሰ ደግሞ ወደ አገሩ በሚመልሰው አውሮፕላን ላይ ነው።

ሥራው መመታት ነው። ከፊሊፒንስ፣ ከቦሆል ደሴት፣ ኦሳካ ከመጣ ስምንት ዓመቱ። ለሻምፒዮና ቀበቶ የሚዘጋጁ የጃፓን ጎረምሶች እሱን እየመቱ ይለማመዳሉ። እሱም ይመልሳል፤ ግን በልክ። ብዙ የመታ ይባረራል፤ ምንም ያልመታም ይባረራል።

ደሞዝ የተቀበለ ቀን ምግብ አይቀምስም፤ አስቀድሞ ማናንግ ፔላጊያ ሱቅ ይሄዳል። አሮጊቷ፣ ማናንግ ማለትም እትዬ የሚሏት፣ የአገሩን ልጆች ገንዘብ ወደ አገር ቤት የምታስተላልፍ ናት። እሷ ጋ የጡረታ መዋጮውን ይከፍላል። አገር ቤት ቀጣሪ ስለሌለው የሚያዋጣለት የለም፤ የሚከፍለው ማንም ሳያስገድደው በፈቃዱ ነው። አሥር ዓመት የሞላለት ሰው ስልሳ ሲደርስ እስኪሞት ድረስ በየወሩ ይቆረጥለታል። ያልሞላለት ያጠራቀመውን ተቀብሎ ይሰናበታል። ኒሎ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ቀሪው ደሞዝ ለሚስቱና ለልጆቹ ይሄዳል፤ ለራሱ የሚተርፈው የሩዝና የሳሙና ነው።

ይህን ያህል የሚጨነቀው በአባቱ ምክንያት ነው። አባቱም ቦክሰኛ ነበር። በየመንደሩ የቅዱሳን በዓል እየዞረ በተከፈለው ልክ ሲደባደብ ኖረ። ሃምሳ ሳይሞላው እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ማንኪያው አፉ ጋ አይደርስም። ሴት ልጁ ቤት ተጠጋ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሩዙ ከእጁ አምልጦ መሬት ላይ ተበተነ። አማቹ ብድግ አለና በጥፊ አጮለው። ሽማግሌው በልማዱ ሁለት እጁን አንስቶ ፊቱን ጋረደ፤ ልክ መድረክ ላይ እንዳለ። አማቹ ሳቀበትና ደገመው። ኒሎ ያን ዕለት የእህቱን ባል ሁለት ጥርስ አወለቀ። ምን ዋጋ አለው፤ አባቱ በማግስቱም የሚበላው እዚያው ቤት ነበር።

ኒሎ ዛሬ የሚመታው በእርጅናው ማንም ለሩዝ ብሎ እንዳይመታው ነው።

ከጂሙ በላይ ባለችው ክፍል አብሮት የሚኖረው አርቪን የሚባል የአገሩ ልጅ ነው። ዕድሜው ሃያ አራት፣ ሥራው እንደ ኒሎ ሥራ፤ ኦሳካ ሁለት ዓመቱ። ታናሽ ታላቁን እንደሚጠራው ኒሎን «ኖንግ» ይለዋል፤ ኒሎም እሱን «ዶንግ» ይለዋል።

«ኖንግ፣ ዛሬም ለሰማዩ ላምህ ሣር ገዛህላት?» አለው በዚያ የደሞዝ ቀን፣ የደረቀ ዓሣ እየጠበሰ።

«ገዛሁላት።»

«ወተቷንስ መቼ ነው የምንጠጣው?»

«አንተ አትጠጣም። ተመዝገብ ስልህ አትሰማ።»

«ስልሳ ዓመት? ቦክሰኛ ስልሳ ዓመት ሲኖር የት አይተህ ነው?»

«አባቴ ሰባ አንድ ዓመት ኖረ።»

«እንዴት እንደኖረ ነግረኸኝ የለ? እግዜር ከዚያ ያውጣኝ!»

«እግዜር ካላወጣህስ?»

«እኔ ሞተር ሳይክል ነው የምገዛው። ቀይ። አገሬ፣ ጄኔራል ሳንቶስ ከተማ፣ በሱ ስገባ ያላገባች ሁሉ በር ላይ ትቆማለች፤ ያገባችውም በመስኮት።» ዓሣውን ገለበጠ። «እንካ፣ ለላምህ ኮቴ አድርግላት!» አለና ከመሬት ጫማ አንስቶ ከግራ በኩል ወረወረበት።

ቀስ ብሎ ነው የወረወረው፤ ሕፃን እንኳ የሚቀልበው ነው። ጫማው የኒሎን ጆሮ መትቶ ወደቀ። ኒሎ እስኪመታው ድረስ ንቅንቅ አላለም። አርቪን ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ። መጥበሻውን አስቀምጦ መጣና ከኒሎ ፊት በስተግራ ሦስት ጣቱን ዘረጋ።

«ስንት ነው ኖንግ?»

ኒሎ ጫማውን አንስቶ በሩ ጋ አስቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ተወው።»

«ዳይቺ እኮ ይገድልሃል! እሱ በሬ ነው።»

«ለኩዋባራ ከነገርክ አገር ቤት ነኝ። አንድ ዓይን ላለው ሰው ማን ሥራ ይሰጠዋል?»

«እኔ? አፌ ይቆረጥ!» አለ አርቪን። ዓሣውን ለሁለት ከፍሎ ትልቁን ቁራጭ ለኒሎ ሰጠው። ያን ዕለት ሌላ ቀልድ አልቀለደም።

በሳምንቱ ኩዋባራ ሁለቱንም ጠራቸው።

«የዳይቺ መጪ ተጋጣሚ ግራኝ ነው» አለ። «እናንተ ሁለታችሁም ግራኝ ናችሁ። እኔ ግን የሁለት ሰው ደሞዝ ከእንግዲህ አልችልም። ቅዳሜ እርስ በርስ ትጋጠማላችሁ፤ የበለጠው እዚህ ይቀራል።»

«የጭንቅላት መከላከያ አድርገን ነው አለቃ?» አለ አርቪን።

«ያለ መከላከያ። ማን ማን እንደሆነ ልይ።»

ደረጃውን ወጡ። አርቪን በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። «ኖንግ፣ እኔ አገር ቤት አንድ ዶሮ እንኳ የለኝም» አለ። «እኔም የለኝም» አለው ኒሎ።

ቅዳሜ ጂሙ ሞላ። ኩዋባራ ራሱ ዳኛ ሆኖ መድረክ ላይ ወጣ። ዳይቺ ወንበር ስቦ ከፊት ተቀመጠ፤ ብርቱካን ይልጥ ነበር።

በመጀመሪያው ዙር ኒሎ አንድ ነገር አስተዋለ። አርቪን በግራው በኩል አይመጣም። የታወረውን ጎን ትቶ ደረቱንና ደህናውን ጎን ይመታል። አዝኖለት ነው። ኒሎ ይህን ሲያውቅ አላመሰገነውም። ገባበትና አፍንጫውን ሰበረው። ደም የአርቪንን ደረት አለበሰው። ኒሎ ሆዱን ደገመው፣ ጉበቱን ሠለሰው። ልጁ እየተንገዳገደ ወደ ጥጉ ተመለሰ።

«አርቪን!» አለ ኩዋባራ። «ዕቃህን ጠቅልለሃል?»

ሁለተኛው ዙር ሲደወል የአርቪን ፊት ተለውጧል። ተቃቅፈው ሳሉ በጆሮው «ይቅር በለኝ ኖንግ» አለው። ቀጥሎ ቀኝ እጁ ከጨለማው በኩል መጣ። ኒሎ አላየውም። ቅንድቡ ተተረተረ። ቡጢው አሁንም መጣ፤ ከዚያው ከጨለማ፤ ጆሮው ጮኸ። ሦስተኛው መንጋጋው ላይ አረፈና ኒሎ በጉልበቱ ወደቀ። ተመልካቹ እያጨበጨበ ነበር። ኒሎ ተነሳ። ተመታ። ደግሞ ወደቀ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ሲነሳም ወደ ገመዱ ተገፍቶ ስድስት ሰባት ጊዜ በዚያው ጎን ተወገረ። ያዳነው ደወሉ ነው።

ጥጉ ላይ ሲቀመጥ ውኃ የሚያቀብለው አልነበረም። በደህናው ዓይኑ ወለሉን ተመለከተ። ከደሙ ጋር የጥርስ ስባሪ ወድቋል። ወደ አእምሮው የመጣው ግን ሌላ ወለል ነው፤ የእህቱ ቤት ወለል፣ የተበተነ ሩዝ፣ ፊቱን የጋረደ ሽማግሌ።

በሦስተኛው ዙር ኒሎ መምታቱን ትቶ መታቀፍ ጀመረ። አርቪን ይገፋዋል፤ እሱ እንደገና ይጠመጠማል። ኩዋባራ ያላቅቃቸዋል፤ እንደገና ይጠመጠማል። የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበር። ኩዋባራ ዞሮ ዞሮ ከኒሎ ጀርባ ሆነ። ከዚያ ቦታ የሚያየው የኒሎን ትከሻ ብቻ ነው። ኒሎ ግራ እጁን ወረወረ፤ ቡጢው ሆን ተብሎ አርቪንን አልፎ ሄደ፤ ክርኑ ግን አላለፈም። ከነሙሉ ክብደቱ በአርቪን ቀኝ ዓይን ጉድጓድ ላይ አረፈ። አጥንት ሲሰበር የሚሰጠውን ድምፅ ኒሎ ያውቀዋል። አርቪን ቆመ፤ አልወደቀም፤ ጓንቱን ወደ ዓይኑ ወሰደ። ዝግጁ አልነበረም። ኒሎ በዚያው ዓይን ላይ ቡጢ ጨመረበት። ደገመ። ልጁ እንደ ተፈታ ጆንያ ተዘረገፈ።

ዳይቺ ብርቱካኑን እንደያዘ ብድግ አለ።

«በምንድን ነው የመታኸው?» አለ ኩዋባራ።

«በቡጢ።»

ኩዋባራ ወደ አርቪን ጎንበስ አለ። «በምን መታህ?»

አርቪን በደህናው ዓይኑ ከታች ወደ ላይ ኒሎን አየው። «በቡጢ» አለ።

ሐኪም ቤት ዓይኑን አወጡለት። የአውሮፕላን ቲኬቱን ኩዋባራ ገዛ፤ ከዚያ በላይ አልጨመረም።

ደሞዝ በተከፈለ ቀን ኒሎ ማናንግ ፔላጊያ ሱቅ ሄደ። ቅንድቡ በክር ተሰፍቷል።

«ምነው ፊትህ? የተወቀጠ በርበሬ መሰለ እኮ» አለች አሮጊቷ።

«ማናንግ፣ ለአርቪን መክፈል ፈልጌ ነበር። ኦሳካ የቆየበትን ሁለት ዓመት። እንደከፈለ ሆኖ እንዲቆጠርለት።»

«ያለፈ ወር አይከፈልም ልጄ። ላንተም ቢሆን ስንቴ ነግሬሃለሁ።»

«ከእኔ ሁለት ዓመት ተቆርጦ ለሱ ቢዞርስ?»

«ጡረታ ሸሚዝ ነው እንዴ አውልቀህ የምታለብሰው?» መነጽሯን አወለቀች። «ከዛሬ ጀምሮ ማስመዝገብ ይቻላል። ግን ማን ይከፍልለታል? አንድ ዓይን ይዞ ምን ሠርቶ? የሁለት ሰው ትችላለህ?»

ኒሎ ገንዘቡን እንደያዘ ቆመ። ከኋላው ሴቶች ተሰልፈው ነበር፤ አንዷ «ወንድሜ፣ ወይ ክፈል ወይ ዞር በል!» አለች። የራሱን ወር ከፈለ።

ክፍሉ ሲገባ አርቪን ሻንጣውን አጠገቡ አድርጎ ተቀምጧል። ኒሎ ሩዝ ቀቀለ፣ ዓሣ ጠበሰ። ትልቁን ቁራጭ ለልጁ አደረገለት። አርቪን በአንድ ዓይን ርቀት መለካት ገና አልለመደም። ሳህኑን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ ስቶት አየር ጨበጠ፤ ሳህኑ ተገለበጠና ሩዙ ወለሉ ላይ ተበተነ።

ሁለቱም ሩዙን አዩ።

«ምን ትጠብቃለህ ኖንግ?» አለ አርቪን። «በጥፊ በለኝ እንጂ። ሩዝ አባከንኩ።»

ኒሎ የተገለበጠውን ሳህን አነሳ።

«ስንት ቀረህ? ላሚቱ መቼ ነው የምትወርደው?»

«ከሁለት ዓመቱ አንድ ወር ተቀንሷል።»

«ታዲያ ጨርሳት። ሳትጨርሳት ብትሞት ነው የማዝነው» አለ። ድምፁ ቀልድ አልነበረውም።

ኒሎ ተንበርክኮ ፍሬውን በጣቱ መልቀም ጀመረ። ለቀመ፣ ለቀመ፣ ጨረስኩ ብሎ ሊነሳ ሲል አርቪን በእግሩ ጣት ጠቆመው።

«በግራህም አለ» አለው።